ለሁለት የተቆረጠ ሌሊት

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ብለው ሲጠሩን ከበረቱ ኋላ ተደብቄ ቀርቻለሁ። ስም የሚመዘግቡት ለጦርነት ሊወስዱን ነው እያልኩ ለሌላውም አወራ ነበር። አልተሳሳትኩም፤ አብረውኝ ካደጉት መሀል ስማቸውን መጻፍ የቻሉት ሁለቱ ሄደው ቀርተዋል። መንግሥት ከተለወጠ ከዓመታት በኋላ ግን በገዛ እግሬ ሄጄ ተማርኩ። ምክንያቴ ሣር ነው። ሰው ሲሰማው ይስቃል። ይሳቅ።

ያደግሁበት ጋራ ከጓሳ ማዶ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋራው ላይ የሚበቅለው ሣር ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ክፉ ዓመት ሲመጣ በግ ያተርፋል። ስለዚህ ማንም እንደፈለገ አይገባበትም። ሽማግሌዎች ይዘጉታል፤ እስኪረዝም ይጠበቃል፤ ከዚያ በበጋ ጥቂት ቀን ይከፈታል። ሲከፈትም ደንቡ ሁለት ነው። አንደኛው የቀን ነው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይላል። ሁለተኛው የሰዓት ነው፤ ከጧቱ አሥራ ሁለት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ይላል። ሁለቱ ለየብቻቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ጧት ገብተህ እስከ መጨረሻው ቀን ማታ ሳትወጣ ስታጭድ ክረም ማለት አይደለም። ቀኑ ተፈቅዶልህ ሰዓቱ ካልተፈቀደልህ ሌባ ነህ። ይህን የሚያስረዳ ሰው እኛ ዘንድ አስፈልጎ አያውቅም።

እኔ የሌሊት ጠባቂ ነበርኩ። ስድስት ነበርን። ደመወዝ የለውም፤ ጋራው ሲከፈት ቀድመን የምናጭድበት ቦታ ይመረጥልን ነበር፣ ያ ነው። ድሮ ሌሊት ሲያጭድ የተያዘ ሰው ማጭዱን ይነጠቃል። አይመታም፣ አይታሰርም፣ አይሰደብም። ሲነጋ ማጭዱ ሽማግሌዎች ከሥሩ በሚቀመጡበት ጽድ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። የማጭድ እጀታ እንደ ሰው ፊት ነው። አንዱ በጠፍር ይጠመጥመዋል፣ አንዱ በቀንድ ያሳምረዋል፣ አንዱ እንደ ተሰነጠቀ ይይዘዋል። አላፊ አግዳሚው አይቶ የማን እንደሆነ ያውቃል። ባለቤቱ አንድ ቀን ይደበቃል፣ ሁለት ቀን ይደበቃል፣ በሦስተኛው ቀን መጥቶ "የእኔ ነው" ይላል። ለሚቀጥለው መክፈቻ ድርሻውን ያጣል፣ ማጭዱን አውርዶ ይሄዳል። ስንት ቀን ነበር፣ ስንት ሰዓት ነበር የሚል የለም። ማጭዱ ተሰቅሏል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

ከዚያ ከወረዳ አንድ ባለሙያ መጣ። ማጭድ መንጠቅ የሰው ንብረት መንካት ነው አለ። ከእንግዲህ ጥፋት ሁሉ በደብተር ይመዝገብ፣ ደብተሩ በየወሩ ከተማ ይውረድ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ፣ ጥፋተኛው የሚጠራው ኮምፒውተሩ ስሙን ሲያወጣ ነው አለ። መጻፍ የማይችል ጠባቂ ሊሆን እንደማይችልም ጨመረ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ ሽማግሌዎቹን አየኋቸው። ማንም ማንንም አላዳነም።

እናም ተማርኩ። በትምህርት ቤቱ ከሥራ በኋላ ለጎልማሶች ይሰጥ ነበር። ለልጆች በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ። ሚስቴ የመጀመሪያውን ቀን ደብተር ይዤ ስወጣ ከበሩ ላይ ቆማ፦

"አንተ ሰውዬ፣ ዳዊት ልትደግም ነው?" አለችኝ።

"ሣር ልጠብቅ ነው።"

"ለሣሩማ ዓይንህ ይበቃ ነበር" አለች።

ስቄ ወጣሁ። ዛሬ አልስቅም።

ደብተሩ ላይ አራት ዓምድ አሰመሩልን። ቀን፣ ሰዓት፣ ስም፣ የተገኘበት ሁኔታ። የቀኑ ዓምድ ከአውራ ጣት ጥፍሬ አይሰፋም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው። የመጀመሪያውን መስመር ስጽፍ አንድ ጥማድ መሬት ካረስኩበት ቀን ይበልጥ ደክሞኛል። ግን ጻፍኩት። መልሼ አነበብኩት። እኔ ያየሁትን ነገር እኔ ሳልኖርም የሚናገር ወረቀት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራሁ። ሰው የሚመካበት ነገር ይለያያል፤ እኔ በዚያ ተመካሁ።

አሁን የምናገረውን አንባቢ ይያዝልኝ። እኔ ቀን የማውቀው በታቦት ነው። በቁጥር ቀን መቁጠር የተማርኩት ትናንት ነው፤ በታቦት መቁጠር ከእናቴ ወተት ጋር የጠጣሁት ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ያለው ሌሊት የነገው ታቦት ሌሊት ነው። ለሚካኤል አጥቢያ እንላለን፣ ለማርያም አጥቢያ እንላለን። ስለዚህ በሃያ ቀን፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሰው ብይዝ፣ ያ ሌሊት የማርያም ነውና ደብተሬ ላይ 21 ብዬ እጽፋለሁ። እንዴት ልጻፍ ብዬ አልጠየቅሁም። ውኃ እንዴት ልጠጣ ብሎ የሚጠይቅ አለ?

ሦስት ዓመት ጻፍኩ። በየወሩ ደብተሩ ከተማ ይወርዳል፣ አንዲት ጸሐፊ ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባዋለች፣ ይመለስልኛል። የተጠራ ሰው ግን አልነበረም። ስንጠይቅ "ኮምፒውተሩ ሲያወጣ" ይሉናል። ሌሊት የሚያጭዱትም ይህን ቶሎ ተረዱ። ማጭዱ እንደማይነጠቅ ያወቀ ሰው ምን ይፈራል? ድሮ ኮቴዬን ሲሰሙ ገደል የሚገቡ ሰዎች ቆመው ይጠብቁኝ ጀመር።

መጻፍ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ በጥር፣ ጋራው ተከፍቶ በሰነበተበት ጊዜ፣ ለአስተርዮ ማርያም አጥቢያ አንዱን አገኘሁት። የታችኛው ሰፈር ሰው ነው፤ እኩያዬ ነው፤ አብረን በግ ሸጠናል። ሁለት አህያ ሙሉ አጭዶ እያሰረ ነበር።

"ደህና አመሸህ?" አለኝ፣ ገመዱን ሳይለቅ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ነገ ሠርግ አለ አይደል? ለዳሱ ነው። ቀን ላይ ሥራ በዛብኝ።"

"ሰዓቱ አልፏል።"

"አልፏል እንጂ! ጻፈኝ። የአባቴንም ስም እንዳትረሳ፣ ኮምፒውተሩ ከሌላ ሰው ጋር እንዳያምታታኝ።"

ደብተሬን አወጣሁ። አንድ እጄ ባትሪ ይዟል፣ ሌላው ደብተር፤ እስክሪብቶውን የምይዝበት ጠፋኝ። ሰውዬው ወደ እኔ መጣ፣ ባትሪውን ከእጄ ወሰደና አበራልኝ። ስሙን እስክጽፍ ድረስ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ያዘልኝ። ጽፌ ስጨርስ "ደህና አድርገህ ጻፍከው?" አለኝ፣ ባትሪዬን መለሰልኝ፣ አህዮቹን ነድቶ ወረደ። ማጭዱን ከወገቡ ሽጦ ነበር። አየሁት። እጀታው በቀይ ጠፍር የተጠመጠመ ነው።

በማግስቱ ማታ የሠርጉን ዘፈን ጋራው ላይ ሆኜ ሰማሁት። ያን ሌሊት አንድም ሰው ለማጨድ አልወጣም፤ አገሩ ሁሉ ዳስ ውስጥ ነበር። ደብተሬ ላይ ለዚያ ሌሊት ምንም አልጻፍኩም።

ሦስቱ ዓመት ሲሞላ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ግምገማ ተጠራን። በዚያ ዘመን የማይገመገም ነገር አልነበረም፤ ሣርም ተራው ደረሰው። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ከፊት የተቀመጡት የሣሩ ሊቀ መንበር የነበሩት አዛውንትና ያ የወረዳ ባለሙያ ናቸው። ባለሙያው አንድ ወረቀት አነሳ።

"በሦስት ዓመት ውስጥ" አለ፣ "ከተፈቀደው ቀን ውጪ የተመዘገበ ጥፋት አለ፤ እሱን በኋላ እናየዋለን። ከማታ አሥራ ሁለት እስከ ጧት አሥራ ሁለት ባለው ሰዓት የተመዘገበ ጥፋት ግን ዜሮ ነው።"

ዜሮ። ቃሉን እንደ ጥሩ ዜና ነው ያነበበው።

"እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ነው" ብሎ ቀጠለ። "ወይ ሌሊት የሚያጠፋ የለም፣ ወይ የሚጠብቅ የለም። በሁለቱም መንገድ የሌሊት ጥበቃ አያስፈልግም።"

ከኋላ አንዱ "ሦስት ዓመት ሙሉ የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ሲያንኮራፉ ነበር!" ብሎ ጮኸ። ሳቅ ሆነ። ከሳቁት መካከል እኔ በእጄ የጻፍኳቸውን ሰዎች እያየሁ ነበር። ያ ባትሪ የያዘልኝ ሰው ሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እሱ አልሳቀም፤ ጣሪያውን ያይ ነበር።

ተነሣሁ። "ደብተሮቼ አሉ" አልኩ።

"ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው ያው የእናንተ ደብተር ነው" አለ ባለሙያው።

ሊቀ መንበሩ እጃቸውን አነሡ። "አንድ ሳምንት እንስጠው" አሉ። "ሰውዬው ዋሽቶ አያውቅም።"

ይህችን ቃላቸውን ይዤ ወጣሁ። ጥበቃው ቢቀር ይቅር፤ ጉልበቴም እየደከመ ነበር። ግን በሕይወቴ የጻፍኩት ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ እሱም ውሸት ነው ከተባለ እኔ ምን ቀረኝ? ያልተማረ ውሸታም ይባላል፣ ይረሳል። ጽፎ የዋሸ ግን ወረቀቱ እስካለ ድረስ ውሸታም ነው።

ከተማው አራት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ደብተሮቼን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በሶ ቋጥሬ ወረድኩ። ጸሐፊዋ ከደብረ ብርሃን የመጣች ወጣት ናት፤ ብርዱን ያልለመደችው፣ ጋቢ ደርባ የምትጽፍ።

"ልጄ" አልኳት፣ "ሦስት ዓመት የጻፍኩት የት ገባ?"

"ሁሉም አለ ጋሼ። አንድ መስመር አልጎደለም" አለችና ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። እውነቷን ነው። መስመሮቼ ተደርድረዋል። ቀኑ ለብቻው ዓምድ፣ ሰዓቱ ለብቻው ዓምድ። በእኔ እጅ እንደዚያ ጎበጥ ብሎ የተጻፈው ሁሉ እዚያ ውስጥ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ታዲያ ዜሮው ከየት መጣ?"

"ከማታ አሥራ ሁለት እስከ ጧት አሥራ ሁለት ያለውን አውጪ አሉኝ፤ ጠየቅሁት። ምንም አላገኘሁም አለ። እኔም ገርሞኝ ነበር ጋሼ፣ ግን ኮምፒውተር አይሳሳትም ብዬ…"

"ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽው? ቃል በቃል ንገሪኝ።"

በወረቀት ጻፈችልኝ። ማሽኑ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ አይደለም። ከእኩለ ሌሊት ይነሣና ሃያ አራት ድረስ ይሄዳል። የእኛ ማታ አሥራ ሁለት ለእሱ 18 ነው። የእኛ ጧት አሥራ ሁለት ለእሱ 6 ነው። "ስለዚህ" አለች፣ "ከ18 በላይ የሆነ፣ ከ6 በታች የሆነ ሰዓት አምጣልኝ አልኩት።"

ወረቀቱን አየሁት። ቁጥር ከተማርኩ ብዙ አልቆየሁም፤ ግን በግ ስሸጥ ኖሬያለሁ።

"ልጄ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ፣ ከበኩር ልጄ የሚያንስ አንድ ሰው ጥሪልኝ ብልሽ ማንን ትጠሪያለሽ?"

"እንዲህ ያለ ሰውማ…" አለችና ቆመች። ወረቀቱን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። "የለም! ከ18 በላይ ሆኖ ከ6 በታች የሆነ ቁጥር የለም እኮ!"

"አንቺ የሌለ ነገር ጠየቅሽው፤ እሱ የለም አለሽ። እሱ አልዋሸም። እኛ ተዋሸን።"

ፊቷ ቀላ። አላዘንኩላትም።

"ለዚህ ማሽን ቀኑ የሚያልቀው መቼ ነው?" አልኳት።

"እኩለ ሌሊት ላይ።"

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ለእኛ ሌሊት አንድ ነገር ነው፤ ከፀሐይ መግቢያ እስከ ፀሐይ መውጫ። ይኼ ማሽን ግን ሌሊቱን መሀሉ ላይ እንደ ጣውላ ይቆርጠዋል፤ ግማሹን ለአንድ ቀን፣ ግማሹን ለሌላ ቀን ይሰጣል።

"እንግዲያው እሱ በሚቆርጥበት ቁረጪው። መጀመሪያ ከማታ እስከ እኩለ ሌሊት ያለውን ጠይቂው። ከዚያ ለብቻ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለውን ጠይቂው። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጪልኝ።"

ጠየቀችው። መጣ። ሦስት ገጽ ሙሉ መጣ። ያ ማተሚያ እየተንጫጫ ስም በስም ሲተፋው ቆሜ አየሁ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን በሁለት እጇ አቀበለችኝና "ይቅርታ ጋሼ" አለች። "ሦስት ዓመት" ብያት ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ነገር ሁሉ ይቅርታ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ ያኔ ምን ነበረበት አንድ ደህና ቃል ብናገራት።

መንገድ ላይ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሰዓቱን ዓምድ ብቻ ነው ያየሁት። የተጣላሁት ከሰዓቱ ጋር ነበርና ቀኑን ልብ አላልኩትም።

በሳምንቱ ተሰበሰብን። ወረቀቱን ለሊቀ መንበሩ ሰጠኋቸው። ዜሮው እንዴት እንደመጣ ተናገርኩ፤ ባለሙያው ጭንቅላቱን ነቅንቆ "ቴክኒካል ችግር ነው፣ ያጋጥማል" አለ። ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ስሞቹን ማንበብ ጀመሩ። ስሙ የተነበበ ሁሉ አንገቱን ይደፋል። አምስተኛው፣ ስድስተኛው። ያን ቀን ያሳለፍኩት ደስታ የዚያን ያህል ብቻ ነው፤ ስድስት ስም።

በሰባተኛው ላይ ቆሙ። ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት።

"ጥር ሃያ አንድ፣ ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት" ብለው አነበቡ። ስሙንም አነበቡት። ያ ባትሪ የያዘልኝ ሰው ነው። "ካቻምና?"

"አዎ፣ ካቻምና" አልኩ።

"ካቻምና ጥር ሃያ አንድ ልጄን የዳርኩበት ቀን ነው።" ቀና ብለው አዩኝ። "በዚያች ሰዓት ይኼ ሰው ዳሴ ውስጥ ሰው ያስተናግድ ነበር። በእጁ ጠላ ቀድቶልኛል።"

"እኔም ነበርኩ!" አለ አንዱ። "እኔም!" አለ ሌላው። አገሩ ሁሉ ነበር።

ሰውዬው ብድግ አለ። "ጎበዝ፣ ጠላውን እየቀዳሁ ሣሩን ማጨዴ፣ ክንፍ አውጥቼ ነበር እንዴ?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ወደ እኔ አላየም።

ያኔ ገባኝ። የጻፍኩት የማርያም አጥቢያን ነው። ሃያ ማታ ነው የያዝኩት፤ 21 ብዬ ነው የጻፍኩት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የያዝኳቸው ሁሉ ቀናቸው ትክክል ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በፊት የያዝኳቸው ሁሉ በአንድ ቀን ቀድመዋል። ይህን ልብ ብል ኖሮ ከዚያች ልጅ ጋር ቁጭ ብለን በግማሽ ቀን እናቃናው ነበር።

"ጌታዬ" አልኳቸው፣ "የማርያም ሌሊት ማለቴ ነው። ለማርያም አጥቢያ። ሃያ ማታ ነው፤ ሠርጉ ሳይገባ።"

"አጥቢያማ አውቃለሁ" አሉ። እውነትም ያውቃሉ፤ ማሕሌት የማይቀርባቸው ሰው ናቸው። "ግን አጥቢያ ብለህ አልጻፍክም። ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሩ ነው አልከን፣ ተቀበልንህ። ዛሬ ደግሞ ቀኑ ነው ትላለህ። በሚቀጥለው ሳምንት ምን ልትለን ነው?"

ባለሙያው ገባበት። "ሁሉም ጠባቂ ቀን የሚጽፈው እንደዚህ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ከጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ ነው፤ አሥር ዓመት አንድ ባና ለብሰን ጋራ ያደርን። ወደ እሱ ዞረ። "አንተ ሌሊት ስትጽፍ የትኛውን ቀን ነው የምትጽፈው?"

ባልደረባዬ እኔን አየኝ፣ መሬቱን አየ። "እኔማ እስኪነጋ ድረስ ያው የዋልኩበትን ቀን ነው የምጽፈው" አለ።

አልዋሸም። ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ቁጭ ብለን ስንጽፍ አንዱ የሌላውን ደብተር አላየም። እኔ ሌሊቱን ለነገ ሰጥቼው፣ እሱ ለትናንት ሰጥቶት፣ ማሽኑ ደግሞ ለሁለት ቆርጦት ኖሯል።

"ስለዚህ መረጃው እርስ በርሱ ይጋጫል" አለ ባለሙያው፤ እየጻፈ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ብል ጥበቃው ይቀራል፣ እኔ ግን ቀን ያሳሳተ ሰው እባላለሁ እንጂ አሳባቂ አልባልም ነበር። ግን ሳቁ ጆሮዬ ላይ ነበር።

"ደብተሩን ተዉት" አልኩ። "ሣሩን ጠይቁት። ያን ሌሊት ሁለት አህያ የተጫነው ሣር የት ገባ? ለዳሱ ነው ብሎኛል። ጌታዬ፣ የእርስዎ ዳስ ውስጥ የተጎዘጎዘው እሱ ነው። ተቀምጣችሁበት የበላችሁት፣ ሙሽራዋ የረገጠችው የተሰረቀ ሣር ነው።"

ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ያ ሣር ከየት እንደመጣ እንዳላወቁ እኔም አውቅ ነበር። ጎረቤት ሸክም ይዞ ሲመጣ ከየት አመጣኸው የሚል ባለ ሠርግ የለም።

"ልጄን የዳርኩት በሌባ ሣር ነው አልከኝ?" አሉ በቀስታ።

እውነቱ ያው ነው።

"ተቀመጥ" አሉኝ።

ተቀመጥኩ። የሌሊት ጥበቃው የዚያን ቀን ቀረ። ሦስቱ ገጽ ተሰረዘ። ቃለ ጉባኤው ላይ "የሌሊት ጠባቂዎች መዝገብ ተአማኒነት የሌለው ሆኖ ስለተገኘ" ተብሎ ተጻፈ። ማንበብ ስለምችል አነበብኩት። ፈርም ተባልኩ፤ ፈረምኩም። ስሜን ስጽፍ እጄ አልደከመም፤ ለምዶ ነበር።

ከባልደረባዬ ጋር ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። ሰው ሲጠይቀኝ "ከዳኝ" እል ነበር። ምን እንዳደረገኝ ተናገር ብባል እውነት ተናገረ ከማለት ሌላ አልነበረኝም። ሊቀ መንበሩም ከዚያ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ ይመልሱ ነበር። ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ። ደግ ሰው ነበሩ። ደግ ሰው ቢያዋርድህ ይበልጥ ያማል፤ የምትጠላው አይኖርህም።

ሣሩ በሦስተኛው ዓመት ሳሳ። ሌሊት የሚያጭደው ባትሪ እንኳ መደበቅ አላስፈለገውም፤ ከደጃፌ ቁጭ ብዬ ብርሃኑ ጋራው ላይ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ቤቴን በቆርቆሮ ከደንኩ። ዝናብ ሲመጣ ከሚስቴ ጋር አንደማመጥም።

ያን ሰውዬ ከዓመታት በኋላ መሐል ሜዳ ገበያ አገኘሁት። በጉን ሸጦ ጨርሷል። አረቄ ልጋብዝህ አለኝ፤ እምቢ ልለው ነበር፤ ገባሁ። አንድ መለኪያ እስኪያልቅ ስለ ገብስ አወራን። በሁለተኛው ላይ መለኪያውን በጣቱ እያዞረ፦

"ያን ሌሊት ይዘኸኛል" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ሃያ ማታ ነው። አልተሳሳትክም።"

"አዳራሹ ውስጥ ለምን አልተናገርክም?"

"እኔ ልናገር?" ዓይኑን ከፍ አድርጎ አየኝ። ሊያሾፍ አልነበረም። "ወንድሜ፣ ያን ሌሊት ማጭዴን ብትነጥቀኝ ኖሮ አለቀልኝ ነበር። ያን ቀይ ጠፍር የማያውቅ የለም። ዳሱ ውስጥ ነበርኩ ብዬ ማጭዴ ጽዱ ላይ ተሰቅሎ ማን ያምነኝ ነበር? አንተ ግን ደብተር አወጣህ። እኔም ባትሪ ያዝኩልህ።"

"አሁን ሄደህ ንገራቸው።"

"ለማን? እሳቸው ሞተዋል።"

ሂሳቡን ከፈለ፤ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ወጣ። ቂም አልነበረውም። ከእኔ ጋር እኩል የሆነ መስሎት ነበር።

ቤቴ ገብቼ ደብተሮቹን ከቆጡ አወረድኩ። ያችን መስመር ፈለግኋት። ጥር 21፣ ሌሊት 3 ሰዓት፤ ከጎኗ ስሙ፣ የአባቱ ስም። ጽሑፉ ደህና ጽሑፍ ነው፤ ብርሃን ነበረኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቦታ የለውም እያልኩ የተውኩትን ቃል አሰብኩ። የቀኑ ዓምድ ጠባብ ነው፤ እውነት ነው። ከሱ በስተግራ ግን ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ ወረቀት እስከ ታች ድረስ አለ፤ ማንም ምንም አልጻፈበትም።

እስክሪብቶ አነሣሁና "ለማርያም አጥቢያ" ብዬ ጻፍኩበት። በቃው። ቦታም ተረፈ።